አንድ መርፌ ለአንድ ሰው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት፤ የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ትምህርታችን የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል፤ የሚናገረው ስለ ሕክምና መርፌ ነውና። ይሁን እንጂ ነገሩ የሰውን ሕይወት የሚነካ ስለሆነ ባልንጀራችንን እንድንወድ ከታዘዝነው ትእዛዝ ውጭ አይደለም። መርፌ ስንቱን ከሞት አድኗል፤ ይኸው መርፌ ግን ከአንዱ በሽተኛ ተነቅሎ ወደ ሌላው ሲገባ መድኃኒትነቱ ቀርቶ የበሽታ ማስተላለፊያ ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያ አደጋው እንዴት እንደሚመጣ፥ ቀጥሎም በልዩ ልዩ አገሮች ያደረሰውን ጉዳት፥ በመጨረሻም ከእኛ የሚጠበቀውን እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ. አደጋው እንዴት ይመጣል?

ቆዳ ፈጣሪያችን በሰውነታችን ዙሪያ ያበጀው አጥር ነው። ብዙ ተሕዋስያን በእጃችንና በፊታችን ላይ ቢያርፉም ይህን አጥር ማለፍ አይችሉም። መርፌ ግን አጥሩን በስቶ ይገባል። ሲወጣም በዓይን የማይታይ ጥቂት ደም በቀዳዳው ውስጥ ይዞ ይቀራል። ያው መርፌ ሌላ ሰው ሲወጋበት የቀድሞው በሽተኛ ደም በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ሰው ይተላለፋል ማለት ነው።

በዚህ መንገድ ከሚተላለፉት በሽታዎች ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። እነርሱም ጉበትን የሚጎዱት ሄፓታይተስ ቢ እና ሄፓታይተስ ሲ፥ እንዲሁም ኤች አይ ቪ ናቸው። የሦስቱም ክፋት በስውር መኖራቸው ነው። ቫይረሱ ያለበት ሰው ለብዙ ዓመታት ጤነኛ መስሎ ሊኖር ይችላልና «ይህ በሽተኛ ጤነኛ ይመስላል» ብሎ መርፌውን ለሌላ ማዋል ትልቅ ስሕተት ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰው ገላ ውጭ በደረቀ ደም ላይ እንኳ ቢያንስ 7 ቀን የመቆየት ኃይል አለው።

የሦስቱ የመተላለፍ ኃይል እኩል አይደለም። በሥራ ላይ ሳሉ በአጋጣሚ በመርፌ በተወጉ የሕክምና ሠራተኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያስረዱት፥ ኤች አይ ቪ ያለበት ደም በነካው መርፌ ከተወጉና መከላከያ መድኃኒት ካልወሰዱ 1000 ሰዎች መካከል 3 ያህሉ ይያዛሉ። ሄፓታይተስ ቢ ሲሆን ግን ክትባት ካልተከተቡት 1000 ሰዎች እስከ 300 የሚደርሱት ሊያዙ ይችላሉ።

አደጋው እንዳይታወቅ የሚያደርጉ ሦስት የተሳሳቱ አስተሳሰቦች አሉ።

ሀ/ «መርፌው ከተለወጠ ስሪንጁ ያው ቢሆን ምንም አይደለም» የሚለው ነው። ይህ ትክክል አይደለም። መርፌው ከገላ ሲነቀል ጥቂት ደም ወደ ስሪንጁ ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱም አብረው መጣል አለባቸው።

ለ/ «በአልኮል ከተጠረገ ወይም በሙቅ ውኃ ከታጠበ ጸድቷል» የሚለው ነው። አልኮል የመርፌውን ውጭ ቢጠርግም የውስጡን ቀዳዳ አያጸዳም። ድሮ ይሠራበት የነበረው የብርጭቆ ስሪንጅ እንኳ ለሌላ ሰው ከመዋሉ በፊት አውቶክሌቭ በሚባለው መሣሪያ ውስጥ 121 ዲግሪ በሚደርስ እንፋሎት ቢያንስ 20 ደቂቃ መቆየት ነበረበት። የአሁኑ የፕላስቲክ ስሪንጅ ደግሞ አንድ ጊዜ አገልግሎ እንዲጣል የተሠራ ነው።

ሐ/ «መድኃኒቱ ከአንድ ብልቃጥ ቢቀዳ ምን አለበት?» የሚለው ነው። ለብዙ ሰው የሚበቃ መድኃኒት ያለበት ብልቃጥ አለ፤ አደጋው ሰው በተወጋበት ስሪንጅ ተመልሶ ከብልቃጡ ሲቀዳ ነው። በዚህ ጊዜ ብልቃጡ ራሱ ይበከላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ በላስ ቬጋስ ከተማ አንድ ክሊኒክ በዚህ ዓይነት አሠራር ሄፓታይተስ ሲ ማስተላለፉ ስለታወቀ፥ ከ40,000 በላይ ሰዎች እንዲመረመሩ ጥሪ ተደርጎላቸዋል። እንግዲህ ችግሩ የድሃ አገር ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

2ኛ. ያለፈው ታሪክ ምን ያስተምረናል?

ያምቡኩ። እ.ኤ.አ. በ1976 በዚያን ጊዜ ዛየር ትባል በነበረችው በዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ፥ ያምቡኩ በምትባል መንደር የካቶሊክ ሚሲዮን ሆስፒታል ነበረ። በየዕለቱ በመቶ የሚቆጠሩ ተመላላሽ በሽተኞች ይመጡ ነበር። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ በየጠዋቱ ለነርሶች የሚታደለው ስሪንጅና መርፌ 5 ብቻ ነበር። ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ሲታለፍም መርፌው በሙቅ ውኃ ይለቀለቅ ነበር እንጂ አይቀቀልም ነበር። በኋላ ኢቦላ ተብሎ የተሰየመው በሽታ ሲገባ በእነዚህ መርፌዎች በፍጥነት ተሠራጨ። በዚያ ወረርሽኝ 318 ሰዎች ታመው 280ው ሞቱ። በመርፌ አማካይነት ብቻ በሽታው ከያዛቸው ውስጥ አንድም የተረፈ አልነበረም። ከሆስፒታሉ 17 ሠራተኞችም 11ዱ ስለሞቱ ሆስፒታሉ ተዘጋ።

ግብፅ። በአባይ ሸለቆ የሚኖረው ገበሬ በመስኖ ውኃ ውስጥ በሚገኘው ቢልሃርዚያ ለብዙ ዘመን ሲሠቃይ ኖሯል። መንግሥት ይህን ለማጥፋት ከ1950ዎቹ ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ታላቅ የሕክምና ዘመቻ አካሄደ። መድኃኒቱ በደም ሥር የሚሰጥ ስለነበር አንዱ በሽተኛ 10 ጊዜና ከዚያም በላይ ይወጋ ነበር። ተሰልፎ ለሚጠብቀው ሕዝብ የብርጭቆ ስሪንጆቹ በሚገባ ሳይቀቀሉ ደጋግመው ይሠራባቸው ነበር። ሄፓታይተስ ሲ በዚያን ጊዜ ስሙም አይታወቅም፤ ቫይረሱ ተለይቶ የታወቀው በ1989 ነው። ዘመቻው ቢልሃርዚያን ቢቀንስም ሌላ በሽታ ዘራ። በ2008 በተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 59 ዓመት ከሆነ ግብፃውያን መካከል ከ100ው 15 ያህሉ ቫይረሱ የደረሰባቸው መሆኑ ታወቀ።

ነገር ግን የግብፅ ታሪክ በሐዘን ብቻ አላለቀም። ሄፓታይተስ ሲን በጥቂት ወራት የሚያድን ክኒን በተገኘ ጊዜ፥ አገሪቱ በ2018 እና በ2019 ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መርምራ የታመሙትን አከመች። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ለማጥፋት ላደረገችው ጥረት እውቅና ሰጥቷታል። በቸልተኝነት የተበላሸ ነገር በትጋት ሊቃና እንደሚችል ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሮካ። በ2014 መጨረሻ በካምቦዲያ ሮካ በምትባል የገጠር ቀበሌ አንድ ሽማግሌ ሲመረመሩ ኤች አይ ቪ ተገኘባቸው። ሌሎችም ሲመረመሩ ከሕፃን ጀምሮ ዕድሜው 80 ዓመት እስካለፈው ድረስ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች መያዛቸው ታወቀ። ምክንያቱ ሲጣራ ፈቃድ የሌለው፥ ነገር ግን ሕዝቡ የሚወደውና የሚያምነው አንድ ሰው መርፌና ስሪንጅ እየደጋገመ ያክማቸው ስለነበር ነው። ሰውየው በ2015 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በ2019 ደግሞ በፓኪስታን ራቶዴሮ በምትባል ከተማ በተመሳሳይ ምክንያት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በኤች አይ ቪ ተያዙ፤ ከእነዚህም የሚበዙት ሕፃናት ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። በያምቡኩም ሆነ በግብፅ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። በሽተኛውን ሊያድኑ ይደክሙ ነበር፤ በያምቡኩማ ሕይወታቸውን ጭምር ከፍለዋል። ደግ ልብ ብቻውን ግን መርፌን አያጸዳም። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው ባገኘ ጊዜ አዝኖ ብቻ አላለፈም፤ ቁስሉን በወይንና በዘይት አክሞ አሰረለት፥ ወደ እንግዳ ማረፊያም ወሰደው። ፍቅሩ በጥንቃቄ የተሠራ ሥራ ነበር። እኛም ከዚህ የምንማረው ጥንቃቄ የሌለበት ርኅራኄ ሊያድነው የፈለገውን ሰው ሊጎዳ እንደሚችል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት እ.ኤ.አ. በ2000 ንጽሕና በጎደለው መርፌ ምክንያት 21 ሚሊዮን ሰዎች በሄፓታይተስ ቢ፥ 2 ሚሊዮን በሄፓታይተስ ሲ፥ 260,000 ደግሞ በኤች አይ ቪ ተይዘዋል። በ2010 ግን በሄፓታይተስ ቢ የተያዙት ወደ 1.7 ሚሊዮን፥ በኤች አይ ቪ የተያዙት ወደ 34,000 ዝቅ ብለዋል። ይህ ሊሆን የቻለው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ስሪንጅ በብዛት በመዳረሱና ሰውም በመማሩ ነው። ቢሆንም 34,000 ሰው ማለት ቀላል ቍጥር አይደለም።

3ኛ. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

በአገራችን ብዙ ሰው «መርፌ ካልተወጋሁ ታከምኩ አልልም» ይላል። ሐኪሙ ክኒን ሲያዝለት ቅር ይለዋል፤ ከዚያም ወደ ሰፈር መርፌ ወጊ ይሄዳል። ሁለተኛው ችግራችን ይሉኝታ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ፊት ስንቀርብ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። ነገር ግን በትሕትና መጠየቅ ሐኪምን መናቅ አይደለም። ሥራውን አክባሪ የሆነ ሐኪም በጥያቄው አይቀየምም። ስለዚህ የሚከተሉትን እንፈጽም።

ሀ/ ክኒን ወይም ሽሮፕ የሚበቃ ከሆነ መርፌ ይሰጠኝ ብለን አንጨቅጭቅ። ከማያስፈልግ መርፌ የሚጠብቀን ያለ መወጋት ነው።

ለ/ መርፌ የግድ ሲሆን ስሪንጁና መርፌው ከታሸገበት ሲወጣ በዓይናችን እንይ። «ሲስተር፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና አዲሱን እዚህ ይክፈቱልኝ» ብንል በቂ ነው። ማንበብ የማይችሉ ወላጆቻችንን ስናስታምም ይህን መጠየቅ የእኛ የልጆቻቸው ፋንታ ነው።

ሐ/ ፈቃድ በሌለው ሰው ቤት አንወጋ፤ ሰውየው ዘመድም ጎረቤትም ቢሆን። ለጆሮ መብሻ፥ ለእንጥል መቁረጫም ሆነ ለጥርስ መንቀያ የዋለ ስለትም እንደ መርፌው ደም ይነካልና ጥንቃቄው አንድ ነው።

መ/ ይህን ሰምተን ሕፃናትን ከማስከተብ እንዳንቀር። ለክትባት የሚያገለግለው ስሪንጅ አንድ ጊዜ ከተወጋበት በኋላ ራሱን ቆልፎ ዳግመኛ እንዳይሠራ የተዘጋጀ ነው። ሄፓታይተስ ቢም ክትባት ያለው በሽታ ነው።

ሠ/ የወደቀ መርፌ ብናገኝ ሕፃናት እንዳይጫወቱበት እንጠብቅ፤ በባዶ እጃችንም አንንካው። የተወጋ ሰው ቢኖር ቦታውን በውኃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነውና «ነገ እሄዳለሁ» ማለት ያስቆጫል።

ረ/ ከመካከላችን ነርስ፥ ሐኪም ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ ለመሆን የምንማር አለን። ስሪንጅ ባለቀ ጊዜ «አልቋል» ብሎ መናገርና ለአለቃ ማስታወቅ ያሳፍር ይሆናል፤ የተሠራበትን መልሶ ከመወጋት ግን እጅግ ይሻላል። ያገለገለውም መርፌ ክዳኑ ሳይመለስ ወዲያውኑ በመርፌ መጣያ ሣጥን ውስጥ ይግባ።

ሰ/ በእነዚህ በሽታዎች የተያዘ ሰው ስናይ «ምን ሠርቶ ይሆን?» ብለን አንፍረድ። የሮካ ሽማግሌዎችና የራቶዴሮ ሕፃናት ሕክምና ፈልገው ከመሄድ በቀር የሠሩት ነገር አልነበረም። ሄፓታይተስ ሲ በመድኃኒት ይድናል፤ ኤች አይ ቪም መድኃኒቱን በሥርዓት ለሚወስድ ሰው ከረጅም ዕድሜ አይከለክልም። ሰውን ከመመርመርና ከመታከም የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ የእኛ ሐሜት ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ይህን ትምህርት አንብበን በማጠፍ ብቻ አንተወው። እያንዳንዳችን በዚህ ሳምንት ለአንድ የቤተሰባችን አባል እንንገር። አንዲት እናት «አዲሱን ይክፈቱልኝ» ብላ ለመጠየቅ ድፍረት ብታገኝ፥ ልጇ ከዕድሜ ልክ በሽታ ሊተርፍ ይችላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1/ መርፌው ተለውጦ ስሪንጁ ያው ቢሆን አደጋው ለምን አይቀርም?
2/ በያምቡኩና በግብፅ በጎ አሳብ የነበራቸው ሰዎች ጉዳት ያደረሱት ለምንድን ነው?
3/ በሠፈራችሁ ሰው ከክኒን ይልቅ መርፌ የሚመርጠው ለምን ይመስላችኋል? እንዴትስ ልንመክረው እንችላለን?
4/ ይሉኝታ መልካም የሚሆነው መቼ ነው? ጉዳት የሚያመጣውስ መቼ ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።