ጋዝን የሚያስታውቅ ስስ ልባስ
ስለ ዚንክ ኦክሳይድ ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባ

ዚንክ ኦክሳይድ የሚባለው ነጭ ዱቄት ለነጋዴ እንግዳ ዕቃ አይደለም። የጎማ ፋብሪካ፥ ቀለም ሠሪና መድኃኒት ቀማሚ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲገለገሉበት ኖረዋል። ይኸው ዕቃ በመስታወት ወይም በሸክላ ሰሌዳ ላይ ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ልባስ ሲለበጥ፥ በአየር ውስጥ የገባውን አደገኛ ጋዝ ለማስታወቅ ይችላል። ጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ የሚገዛ ሰው የቤተ ሰቡን ሕይወት ለመሣሪያው አደራ የሚሰጥ ስለ ሆነ፥ አስመጪውና ባለሱቁ የአሠራሩን ጠባይ ሊያውቁ ይገባል።

የነገሩ መነሻ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. በጃፓን አገር የኪዩሹ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ ቴትሱሮ ሴይያማና ባልደረቦቻቸው፥ የጋለ የዚንክ ኦክሳይድ ስስ ልባስ ጋዝ ሲደርስበት ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኃይሉ እንደሚለወጥ በጽሑፍ አስታወቁ። በዚያው ዘመን ናኦዮሺ ታጉቺ የተባሉት ጃፓናዊ በቲን ኦክሳይድ በተመሳሳይ መንገድ የሚሠራ መሣሪያ ፈልስፈው ለገበያ አበቁ።

አሠራሩ

ዚንክ ኦክሳይድ ከፊል አስተላላፊ ነው፤ ይኸውም ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ በነፃ አያሳልፍም፥ እንደ ሸክላም ፈጽሞ አይከለክልም። ልባሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግል፥ በአየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ከገጹ ላይ ተጣብቆ ኤሌክትሮኖችን ይይዛል፤ ስለዚህ ኤሌክትሪክ ለማለፍ ይቸገራል። እንደ ቡታ ጋዝ ወይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያለ ጋዝ ሲመጣ ግን ከዚያ ኦክሲጅን ጋር ይዋሐዳል፤ ተይዘው የነበሩት ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ፤ ኤሌክትሪኩም በቀላሉ ያልፋል። መሣሪያው ይህን ለውጥ ለክቶ ደወሉን ያሰማል። ልባሱ ስስ መሆኑ የሚጠቅመውም በዚህ ነው፤ ጋዝ የሚነካው ገጹን ብቻ ስለ ሆነ፥ ውፍረቱ ባነሰ ቁጥር ለውጡ ጎልቶ ይታያል።

ጉድለቱ

ልባሱ የጋዙን መምጣት እንጂ ስሙን አይናገርም። የአልኮል ትነትም ቢሆን ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ የአየር እርጥበትም ልኩን ያዛባል። ይህን ለማሻሻል ተመራማሪዎች ጥቂት ፓላዲየም፥ ፕላቲነም ወይም ወርቅ ይጨምሩበታል፤ ሆኖም ችግሩ ፈጽሞ አልተወገደም።

ለነጋዴው የሚሰጠው ትምህርት

1ኛ/ መሣሪያው ለየትኛው ጋዝ እንደ ተሠራ በመለያው ላይ መረጋገጥ አለበት። ቡታ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ጠቋሚውም ዝቅ ብሎ ይሰቀላል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም መልክም የለውም፥ ከአየር ጋርም ይደባለቃል። የቡታ ጋዝ ጠቋሚን «ለከሰልም ይሆናል» ብሎ መሸጥ ሰውን ለሞት ማጋለጥ ነው። የአውሮፓ የደረጃ ቁጥሮችም የተለያዩ ናቸው፤ ለቤት የሚቃጠል ጋዝ ኢ.ኤን. 50194፥ ለካርቦን ሞኖክሳይድ ኢ.ኤን. 50291 ነው።

2ኛ/ ልባሱ ሁልጊዜ መጋል ስላለበት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ጠቋሚው ይተኛል፤ ሲመለስም እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል። ተጠባባቂ ባትሪ እንዳለው አስመጪው ከማዘዙ በፊት ይጠይቅ።

3ኛ/ ጠቋሚ ያረጃል፤ የሲሊኮን ትነትም ይጎዳዋል። አምራቹ የወሰነው የአገልግሎት ዘመን በመጋዘን ሳለ እንዳያልቅ ቀኑን መመርመር ያስፈልጋል።

4ኛ/ በገበያ ላይ ካሉት ከፊል አስተላላፊ ጠቋሚዎች የሚበዙት በቲን ኦክሳይድ የተሠሩ ናቸው፤ የዚንክ ኦክሳይድ ስስ ልባስ በአመዛኙ ገና በምርምር ቤት ይገኛል። ስለዚህ የልባሱ ስም ብቻ ለዋጋ መጨመሪያ ምክንያት ሆኖ ሲቀርብ፥ አስመጪው የፈተና ምስክር ወረቀት ይጠይቅ።

ሌላው ዕቃ ቢበላሽ ገዢው ይመልሰዋል፤ ይህ ዕቃ በሚያስፈልግበት ሰዓት ዝም ካለ ግን የሚመልሰው ሰው ላይኖር ይችላል።