የኋላ ወንበር የሌላት መኪና

«ዕድሜዬ 53 ነው፤ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ስሠራ የሰው ስፖርት መኪና ሳቆምና ሳወጣ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ልጆቼ ሁለቱም ኮሌጅ ገብተዋል። አሁን ቤተሰብ የምጭንባትን ቶዮታ ሲየናዬን ሸጬ ያገለገለች ባለ ሁለት ወንበር ማዝዳ ሚያታ ልገዛ አሰብኩ። ባለቤቴ የራሷ ኮሮላ አላት፤ ነገሩን ስትሰማ ግን ‹ለቅሶ በምን ልንደርስ ነው? ሰውስ ምን ይላል?› ብላ ተቆጣች። እውነቱን ለመናገር ቅዳሜና እሁድ ሰው ሳመላልስ መዋል ሰልችቶኛል። አጥፍቻለሁ?»

ሚያታዋን ይግዙ፤ ሲየናዋን ግን አይሽጡ። ደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ጉዳዮች ተጣብቀው መጥተዋል፤ አንደኛው መኪና ማማር ነው፣ ሌላው ከሰው ማመላለስ መገላገል። ሁለቱን በአንድ ግዢ ለመጨረስ በማሰብዎ ነው ቤትዎ ውስጥ ጸብ የገባው።

በመጀመሪያ ምኞትዎን ከሐሜት ላውጣው። ስፖርት መኪና ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው መንገዱን የሚያናውጥ ጎረምሳ ነው። ሚያታ በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ስትቀርብ ግን የማዝዳ መሐንዲሶች አርአያ ያደረጉት እንደ ሎተስ ኤላን ያሉትን ትንንሽና ጣሪያቸው የሚከፈት የእንግሊዝ መኪኖች ነበር። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቷ ከ120 ፈረስ በታች፣ ክብደቷም አንድ ቶን የማይሞላ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የምትሸጠው አዲሷ ሚያታ እንኳ 181 የፈረስ ጉልበት ነው ያላት፤ ከ2021 ሞዴል ወዲህ ያለችው ሲየና ደግሞ 245። ልጅና አስቤዛ የምትጭነው መኪና በጉልበት ስፖርት መኪናዋን ትበልጣለች ማለት ነው። እንግዲህ ደስታው ከቅለት ነው የሚመጣው፦ መሪው ገና ሲነካ ትታዘዛለች፣ ሹፌሩም ወደ አስፋልቱ ተጠግቶ ስለሚቀመጥ ቀስ ብሎ እየነዳ የሚበር ይመስለዋል። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ይረዝማል፤ የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል ነው። በሲየና ሲሄዱበት እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ይህ መንገድ፣ ጣሪያ ገልጦ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ፣ ከሦስተኛ መልሶ ወደ ሁለተኛ እየቀያየሩ ሲነዱበት ቀኑን ሙሉ አይሰለችም። በዚህ ፍጥነት ቅጣትም የለበትም። ፍሪሲዮን አገር ቤት የተማረ ሰው ደግሞ እግሩ ትምህርቱን ስለማይረሳ፣ አውቶማቲኳን እንዳይገዙ እመክራለሁ።

የምትቀልለው ግን ሌላው መኪና ያለው ነገር ስለሌላት ነው። ከ2016 ሞዴል ጀምሮ ያሉትን ይመልከቱ፤ ከተሳፋሪው ፊት ለፊት ሌላው መኪና ሁሉ ያለው የወረቀት መሳቢያ የለም። ቡና ማስቀመጫው የሚነቀል የሚተከል ሲሆን፣ ተለምዷዊ ቦታው ከክርንዎ ኋላ ስለሆነ ስኒዎን ለማንሳት ክንድዎን መጠምዘዝ አለብዎት። የኋላው ዕቃ መጫኛ 130 ሊትር ገደማ ነው፤ ለሁለት ሰው የሁለት ቀን ልብስ ይበቃል። ሸራ ጣሪያውን ከወንበርዎ ሳይነሡ በአንድ እጅ ከፍተው ይዘጋሉ፤ ተዘግቶም ግን ሀይዌይ ላይ የጭነት መኪና ጎን ለጎን ሲያልፍ ወሬ ይቋረጣል። በ53 ዓመት ጉልበት ከዚያ ዝቅታ መነሣትም ራሱን የቻለ ስፖርት ነው። እነዚህን ጉድለቶች ማሟላት ይቻላል፤ ግን በተሟላ ቁጥር ክብደቷ እየጨመረ ሌላ መኪና ትሆናለች። ስለዚህ የሚወዷት ከነጉድለቷ ነው፤ ጉድለቷን ደግሞ የሚሸከም ሌላ መኪና ቤት ውስጥ ሊኖር ይገባል።

ባለቤትዎ የተቆጡትም በሚያታ ነው ብዬ አላምንም። ከአዲስ አበባ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገባ እንግዳ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ሁለት ሁለት ይዞ ይወርዳል። ለቅሶ ቤት ምግብ ይጫናል፣ ውሃ ይጫናል፣ መንዳት የማይችሉ እናቶች ይጫናሉ። ሲየናዋ ስትሸጥ ይህ ሁሉ ይቀራል ወይ? አይቀርም፤ ወደ ኮሮላዋ ይዞራል። እርስዎ ቅዳሜ ተራራ ለተራራ ሲሄዱ ስልኩ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። «ለቅሶ በምን ልንደርስ ነው?» ሲሉ «እኔ ብቻዬን ላመላልስ ነው ወይ?» ማለታቸው እንደሆነ ይሰማኛል። ሰው ማመላለስ ከሰለቸዎት ሊሰለችዎት መብትዎ ነው። ይሉኝታ ይዞዎት ለብዙ ዓመት እምቢ ያላሉትን ግን የኋላ ወንበር የሌላት መኪና እምቢ ትበልልዎት ማለት፣ ሸክሙን ሳይነግሩ ለሚስት ማስተላለፍ ነው። በወር የትኞቹን ቅዳሜዎች ለሰው፣ የትኞቹን ለራሳችሁ እንደምታደርጉ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩና ለወዳጅ ዘመድ በአፋችሁ ተናገሩ። የሚቀየም ይኖራል፤ መኪናዋ ተሸጣም ቢሆን መቀየሙ አይቀርለትም ነበር።

«ሦስት መኪና ቅንጦት ነው» የሚል መኖሩን አውቃለሁ፤ አባባሉም ፍሬ አለው። ቨርጂኒያ ውስጥ በየመኪናው የንብረት ግብር በየዓመቱ ይከፈላል፤ ኢንሹራንሱ ሲጨመርበት ቆማም ብትውል ታስወጣለች። በሌላ በኩል ሚያታ ብርቅዬ መኪና አይደለችም፤ በ2016 የተሠሩት ቁጥር አንድ ሚሊዮን ሞልቷል፣ መለዋወጫዋም የሚያውቃት መካኒክም ሩቅ አይፈለግም። ወጪው ከኮሌጅ ክፍያ ወይም አገር ቤት ከምትልኩት የሚቀነስ ከሆነ ልጆቹ እስኪመረቁ ይታገሡ፤ መኪናዋ አትጠፋም። ከዚያ የተረፈውን ገንዘብ ለደስታ ማዋል ግን ለማንም ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። «ሰው ምን ይላል» ለሚለው፣ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚናገረው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የኖረው ሰው ነው።

ለማየት ሲሄዱ ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ፤ ሰፈር ዞሮ መመለስ ሳይሆን ሀይዌይ 395ን ይዛችሁ፣ ጣሪያውን አንዴ ዘግታችሁ አንዴ ከፍታችሁ ንዱ። ጫጫታውንና ዝቅታውን እሳቸውም ከግዢው በፊት ይወቁት። አሮጌዎቹን የምታዩ ከሆነ ደግሞ የጣሪያው ውሃ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች በቅጠል ስለሚደፈኑ፣ ከወንበሮቹ ኋላ ያለውን ምንጣፍ ገልጣችሁ በእጅ ዳሱት፤ ከበሩ ሥር፣ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ያለውንም ብረት ተመልከቱ። ምንጣፉ ከረጠበ ወይም ብረቱ ከዛገ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ትታችሁ ሂዱ።