ትምህርት ዐሥራ አራት፦ ስለሚወዱት ነገር መጻፍ

በቀደሙት ትምህርቶች የገላጭ ድርሰትን ጠባይ ተመልክታችኋል። በዚህ ትምህርት ከገላጭ ድርሰቶች ሁሉ አስቸጋሪ ወደሆነው፣ ማለትም ጸሐፊው እጅግ ስለሚወደው ነገር ወደሚጽፈው ድርሰት እንሻገራለን። አስቸጋሪ የሚያደርገው ፍቅሩ ራሱ ነው። ሰው የሚወደውን ነገር ሲያወራ አድማጩ ሁሉ በእርሱ ዓይን የሚያይ ይመስለዋል፤ ስለዚህ «እጅግ ያምራል»፣ «ልዩ ደስታ ይሰጣል» እያለ ያሞግሳል እንጂ አይገልጽም።

ለምሳሌነት የመረጥነው የእጅ ባትሪ ነው። በልዩ ልዩ አገር የእጅ ባትሪ የሚሰበስቡ፣ የሚፈታቱ፣ ብርሃኑን የሚለኩና እርስ በርስ የሚያወዳድሩ ዐዋቂዎች አሉ። ጎረቤት «በቤቱ መብራት እያለ ሃያ ባትሪ ምን ያደርግለታል? የልጅ ነገር!» ቢል አይፈረድበትም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የጸሐፊው ፈተናም ለዚህ ጎረቤት ሳይቆጣና ሳይለማመጥ መልስ መስጠት ነው። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ

ዴቪድ ሚሴል የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1899 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያገኘበት የእጅ ባትሪ፣ ድንጋዮች በተርታ የሚገቡበት ቱቦ ሆኖ በአንድ ጫፉ አምፖልና አንጸባራቂ ነበረው። አጠቃላይ ቅርጹ እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። ይሁን እንጂ የዚያ ዘመን ድንጋይ ያለማቋረጥ ለረጅም ጊዜ ኃይል መስጠት ስለማይችል ባለቤቱ ጥቂት አብርቶ ማሳረፍ ነበረበት። አሜሪካውያን መሣሪያውን «የብልጭታ መብራት» ማለታቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

በሽቦ አምፖል ከሚገባው ኃይል አብዛኛው ብርሃን ሳይሆን ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ይህን የለወጠው ኤል.ኢ.ዲ. ነው። ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠውን ኤል.ኢ.ዲ. የፈለሰፉት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በሰማያዊው ላይ ቢጫ የሚያበራ ቅብ ሲታከልበት ለዓይናችን ነጭ ሆኖ ይታያል።

አንድ ዐዋቂ ሰው በዚህ መሣሪያ ምን ያደርጋል? በመጀመሪያ ማታ ክፍሉን አጨልሞ ባትሪውን በነጭ ግድግዳ ላይ ያበራል። በግድግዳው ላይ ሁለት ነገር ይታያል፤ መካከል ላይ የደመቀ ክብ፣ በዙሪያው ደግሞ ፈዘዝ ያለ ሰፊ ወጋገን። አንጸባራቂው ጥልቅና ለስላሳ ከሆነ ክቡ ይጠብባል፤ ጨረሩም ሩቅ ይደርሳል። እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሸካራ ከሆነ ግን ብርሃኑ ይሰራጫል፤ የክቡም ዳር ይለሰልሳል። ቀጥሎ ቀለሙን ይመረምራል። እኩል የሚደምቁ ሁለት ባትሪዎችን በየተራ በአንድ የበሰለ ቲማቲም ላይ ቢያበራ፣ ቀይ ቀለም በጎደለው ብርሃን ቲማቲሙ ቡናማ መስሎ ይጠወልጋል፤ በሌላው ግን በቀን እንደሚታየው ሆኖ ይቀላል።

ከዚያም መለካት ይመጣል። ሉመን የሚባለው ከባትሪው የሚወጣው ብርሃን ጠቅላላ ድምር ሲሆን፣ ካንዴላ በአንድ አቅጣጫ የሚሄደው ብርሃን ብርታት ነው። የአንድ ባትሪ ርቀት ይህን ያህል ነው የሚባለው ብርሃኑ ወደ ሩብ ሉክስ፣ ማለትም በጠራ ሌሊት ወደ ሙሉ ጨረቃ ብርሃን ግድም እስከሚወርድበት ቦታ ተለክቶ ነው። በዚህ ስሌት 10,000 ካንዴላ ያለው 200 ሜትር፣ 40,000 ካንዴላ ያለው 400 ሜትር ይደርሳል። ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ብርታቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት።

የሰው ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ዓይኑን ያስለመደ ሰው ከአንድ ሉመን ባነሰ ብርሃን፣ የተኙትን ሳይቀሰቅስ ከክፍል ክፍል ይመላለሳል። ብዙ ሉመን ፍለጋ የጀመሩ ሰዎች ከጊዜ በኋላ እጅግ ደካማ ብርሃን የሚሰጥ ባትሪ ሲያፈላልጉ የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ማብራሪያ

በምንባቡ ውስጥ «ያምራል» የሚል ቃል የለም። ጸሐፊው ባትሪውን ከማሞገስ ይልቅ ግድግዳውንና ቲማቲሙን አሳየን። ጎረቤቱ ዛሬ ማታ በራሱ ባትሪ በራሱ ግድግዳ ላይ ሊሞክረው ይችላል፤ ሦስተኛው አንቀጽ ከሁሉ የተሻለውም ስለዚህ ነው። አራተኛው አንቀጽ ግን ይቸኩላል። ሉመንንና ካንዴላን ፈትቶ ሉክስን ሳይፈታ አልፏል። ሉክስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ብርሃን መጠን ነው፤ አንድ ሉመን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ እኩል ሲያርፍ አንድ ሉክስ ይባላል።

የስያሜው ነገርም ትኩረት ያሻዋል። አሜሪካዊው መሣሪያውን በብልጭታው ጠራው፤ እንግሊዛዊው በችቦ ስም፤ ጀርመናዊውና ፈረንሳዊው «የኪስ መብራት» አሉት። እኛ ደግሞ በውስጡ ባለው ነገር «ባትሪ» ብለን ሰየምነው። የውስጡ ስም ለመላው መሣሪያ ሲሰጥ የውስጡ ራሱ ስም አጣ፤ ሕዝቡም «ድንጋይ» አለው። ጥሩ ስያሜ ነው። ደረቅ፣ ከባድ፣ ሲያልቅም ከድንጋይ የማይሻል!

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። «ባትሪውን ቻርጅ አድርግ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ተመልከቱ። ባትሪ የተባለው መሣሪያው ነው ወይስ ድንጋዩ? ድንጋዩስ ከሆነ የትኛው? አንዴ ተሠርቶበት የሚጣለው የ1.5 ቮልት ድንጋይ ቻርጅ ቢደረግ ሊያፈስ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ዛሬ በብዙ የእጅ ባትሪ ውስጥ የሚገባው የሊቲየም አዮን ድንጋይ ግን በተሠራለት ቻርጀር እስከ 4.2 ቮልት ድረስ ይሞላል። ከነዚህ አንዱ 18650 ይባላል፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። ራቁቱን ከቁልፍ ወይም ከሳንቲም ጋር በኪስ ቢያዝ ሁለቱ ጫፎቹ በብረቱ ሊገናኙና ድንጋዩ እስከ መቃጠል ሊግል ይችላል። ጸሐፊው «ባትሪ» የሚለውን ቃል ሳይፈታ መመሪያ ቢሰጥ እጁን የሚያቃጥለው አንባቢው ነው። ስለዚህ ከአንድ በላይ ፍቺ ያለውን ቃል በመጀመሪያው አንቀጽ ፍቱት፤ ከዚያ በኋላ ፍቺውን አትለዋውጡ።

ሰዋስው፦ «አለ» እና «አደረገ»

አማርኛ ብርሃንን የሚገልጽባቸው ግሶች ብዙ ናቸው፤ ከነዚህ ብዙዎቹ ከ«አለ» ጋር የሚጣመሩ ናቸው። ድንገት ታይቶ የጠፋ ብርሃን ብልጭ አለ፤ በኃይል የተነሣ ቦግ አለ፤ ሊጠፋ የተቃረበ ጭል ጭል አለ፤ በአንዴ የጠፋ ድርግም አለ፤ ቀስ በቀስ የሰፋ ወገግ አለ። ቃሉ ሲደገም ድርጊቱ መደጋገሙን ያሳያል፦ «ብልጭ ብልጭ አለ»። «አለ» በ«አደረገ» ሲተካ ግሱ ተሳቢ ይፈልጋል፦ «ባትሪው ቦግ አለ»፤ «ልጅቷ ባትሪውን ቦግ አደረገችው»። «በራ» እና «አበራ» ግን እንዲህ ቀላል አይደሉም። «ባትሪውን አበራ» ስንል ተሳቢ አለው፤ «ፀሐይ ታበራለች» ስንል የለውም።

መልመጃ

1. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች «አለ»ን በ«አደረገ» በመተካት እንደገና ጻፉ። ባለቤቱን ራሳችሁ ምረጡ።
ሀ. መብራቱ ድርግም አለ።
ለ. ባትሪው ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ።

2. የምንባቡን አራተኛ አንቀጽ የሉክስን ፍቺ ጨምራችሁ እንደገና ጻፉ። ፍቺው ከስሌቱ በፊት ይግባ።

3. 2,500 ካንዴላ ያለው ባትሪ 100 ሜትር ይደርሳል። 300 ሜትር ለመድረስ ስንት ካንዴላ እንደሚያስፈልግ በሁለት ዐረፍተ ነገር አስረዱ።

4. በዕድሜ ከእናንተ የሚበልጥ ዘመድ ወይም ጎረቤት በትርፍ ጊዜው የሚወደውን ሥራ ጠይቁ፤ ሲሠራም ተመልከቱ። ከዚያም ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። «ያምራል»፣ «ደስ ይላል»፣ «ልዩ ነው» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ። ድርሰቱን ለባለቤቱ አንብቡለትና «እንዲህ አይደለም» ያለበትን ቦታ በኅዳጉ ላይ ምልክት አድርጉ።