ዲጂታል መንትያና የምርት የሕይወት ዑደት አስተዳደር፦ ልዩነታቸውና ትስስራቸው

የምርት የሕይወት ዑደት አስተዳደር አንድ ምርት ከሚነደፍበት አንሥቶ ከአገልግሎት እስከሚወገድበት ጊዜ ያሉትን ሰነዶች፣ የአካላት ዝርዝርና የንድፍ ለውጦች በሥርዓት ይይዛል። ዲጂታል መንትያ ግን በመለያ ቁጥሩ የሚታወቅን አንድ ዕቃ በሴንሰር መረጃ እየተከታተለ ወቅታዊ ሁኔታውን ያሳያል። ማይክል ግሪቭስ እ.ኤ.አ. በ2002 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የመንትያውን ሐሳብ ያቀረቡት ከዚሁ የአስተዳደር ዘርፍ ተነሥተው በመሆኑ፣ ሁለቱን እንደ ተፎካካሪ ማየት አያስኬድም።

ለምሳሌ በአውሮፕላን ሞተር ላይ አንድ የተርባይን አካል ተተክቶ ለውጡ ሳይመዘገብ ቢቀር፣ የሙቀትና የንዝረት ልኬቱ ትክክል ቢሆንም እንኳ መንትያው ቀሪ ዕድሜ የሚያሰላው ከሞተሩ ለወጣው አካል ይሆናል። በአንጻሩ በአገልግሎት ላይ የተገኘው መረጃ ወደ ንድፍ ክፍሉ ካልተመለሰ ያው ጉድለት በቀጣዩ ምርት ይደገማል። ስለሆነም መንትያ ለመገንባት የሚነሣ ድርጅት ሴንሰር ከመግዛቱ አስቀድሞ የለውጥ ምዝገባውን ሊያጠራ ይገባል።