በጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ጠቋሚ መምረጥና መግጠም

ጫሞ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ከአርባ ምንጭ ከተማ ቁልቁል ለሚያየው ሰው ባሕር ይመስላል እንጂ ጥልቅ የሚባለው ስፍራው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ለመዝናኛ ጀልባው ዓሣ ጠቋሚ መሣሪያ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት ይህን ቁጥር ነው። ገበያ ላይ ያሉት መሣሪያዎች አንዱ ከሌላው የሚበልጡት ምን ያህል ጥልቀት ድረስ እንደሚያነቡ በመናገር ነውና። ከትንንሾቹ አንዱ የሆነው ጋርሚን ስትራይከር 4 ጨው በሌለው ውሃ ወደ 480 ሜትር እንደሚደርስ አምራቹ ይገልጻል፤ ይህ ጫሞን ከሠላሳ ጊዜ በላይ የሚያጥፍ ጥልቀት ነው። ስለዚህ እዚህ ሐይቅ ላይ ለኃይል ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ትርፉ ወጪ ብቻ ነው። ሐሳቡም ገንዘቡም መዋል ያለበት ድምፁ በሚሸፍነው ስፋት ላይ፣ ከዚያም አልፎ በገጠማው ላይ ነው። ውድ መሣሪያ በተሳሳተ ቦታ ከሚገጠም ርካሹ በጥንቃቄ ቢገጠም ይሻላል።

አሠራሩን ሳያውቁ መምረጥ ስለሚያስቸግር ከእሱ እንጀምር። መሣሪያው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ከጀልባ ነጂው ፊት የሚቀመጠው ስክሪን፣ ሌላው ውሃ ውስጥ የሚገባው ትራንስዱሰር። ዋናው ሥራ የሚሠራው በትራንስዱሰሩ ነው። በውስጡ ያለው ሴራሚክ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ይንቀጠቀጥና የሰው ጆሮ የማይሰማው አጭር ድምፅ ወደ ታች ይለቃል። ድምፁ ወለሉን ወይም ዓሣ መትቶ እንደ ገደል ማሚቶ ሲመለስ፣ ያው ሴራሚክ ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 1,497 ሜትር ያህል ይጓዛል። 10 ሜትር ወርዶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ እንግዲህ የአንድ ሴኮንድ 75ኛ እጅ ነው። መሣሪያው ይህን ጊዜ ለክቶ ጥልቀቱን ያሰላል። ዘዴውን ከጦር መርከብ አውጥተው ለዓሣ አስጋሪዎች በንግድ ያቀረቡት የጃፓኖቹ የፉሩኖ ወንድማማቾች ናቸው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1948 ነበር።

አሁን ወደ ዓሣው እንምጣ። ድምፁን አጥብቆ የሚመልሰው የዓሣው ሥጋ አይደለም፤ ሥጋው ከውሃ ብዙም ስለማይለይ ድምፁ በአብዛኛው አልፎት ይሄዳል። የሚመልሰው በሆድ ዕቃው ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለጫሞ ሰው በጣም ይጠቅማል። ናይል ፐርች የሚባለው ነጭ ዓሣ ትልቅ የአየር ከረጢት ስላለው፣ ከዳር ራቅ ብሎ ሲገኝ ስክሪኑ ላይ ደምቆ ይታያል። አምባዛ ግን የአየር ከረጢቱ በጣም ትንሽና በአጥንት የተሸፈነ ነው፤ በዚያ ላይ ጭቃው ላይ ተኝቶ መዋል ይወዳል። ስክሪኑ ባዶ ስለሆነ ብቻ ከጀልባው በታች አምባዛ የለም ብሎ መደምደም አይቻልም። ቆሮሶ ደግሞ ከረጢት አያጣም፤ ነገር ግን ውሃው ጥልቀት በሌለው ዳርና በሣሩ አካባቢ ይውላል። እዚያ ቦታ ላይ ይህ መሣሪያ የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው። በጥቅሉ መሣሪያው ለነጭ ዓሣ ፈላጊ የተሠራ ያህል ሲስማማ፣ ለቆሮሶ ፈላጊ ግን ቅንጦት ነው፤ ይህን ሳይሸሽግ የሚናገር ሻጭ ቢገኝ መልካም ነበር።

ድምፁ ከጀልባው ሥር እንደ ባትሪ መብራት ጨረር ከላይ ጠቦ፣ ወደ ታች እየሰፋ ይወርዳል። የስፋቱ መጠን በሞገዱ ድግግሞሽ ይወሰናል። 200 ኪሎኸርዝ የሆነው ድምፅ ጠባብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 15 ዲግሪ ገደማ ይከፈታል። 77 ኪሎኸርዝ የሆነው ደግሞ 45 ዲግሪ ገደማ ይሰፋል። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይገርማል፦ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ጠባቡ ወለሉ ላይ የሚሸፍነው ክብ 2.6 ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ሰፊው 8.3 ሜትር ይሆናል። 3 ሜትር ጥልቀት ላይ ጠባቡ ከ80 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ይህ ማለት ሐይቁ ጥልቀት በሌለው ስፍራ ሁሉ በጠባቡ ድምፅ የምናየው ከጀልባው ወርድ እንኳ ያነሰ ነገር ነው። ስለዚህ ለጫሞ ሁለቱንም ድምፅ የሚሰጥ መሣሪያ ይምረጡ፤ ለመፈለግ ሰፊውን፣ ወለሉንና ወለሉ አጠገብ ያለውን ለይቶ ለማየት ጠባቡን ይጠቀማሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስክሪኑን እንደ ፎቶግራፍ ሲያይ ነው። በቀኝ ዳር ያለው ቀጭን መስመር ብቻ ነው የአሁኑን ሰዓት የሚያሳየው፤ የተቀረው ሁሉ ወደ ግራ እየተገፋ የሚሄድ ታሪክ ነው። ዓሣ በድምፁ ክልል ዳር ሲገባ ርቀቱ ረዘም ይላል፤ መካከል ሲደርስ ያጥራል፤ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ይረዝማል። ቅስት የሚመስለው ምልክት የሚመጣው ከዚህ ነው። ጀልባውም ዓሣውም ከቆሙ ቅስት አይኖርም፤ የተሳበ መስመር ይሆናል። ትልቅ ቅስት ስለታየም የግድ ትልቅ ዓሣ አለ ማለት አይደለም፤ በድምፁ ክልል ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየ ዓሣም እንዲሁ ይስላል። የዓሣ ሥዕል እየሳለ ድምፅ የሚያሰማውን ማስተካከያ ግን እንዲያጠፉት አጥብቄ እመክራለሁ። የጠለቀ ቅርንጫፍንም፣ የአየር አረፋንም ዓሣ አድርጎ ይስላልና ተጠቃሚው ምልክት ማንበብ ሳይማር ይቀራል።

ወለሉም ራሱ ይነበባል። ጠንካራ ወለል ደማቅ መስመር ይሰጣል፤ ድምፁ ከውሃው ገጽ ተመልሶ ዳግመኛ ስለሚወርድም በ5 ሜትር ላይ ያለው ድንጋያማ ወለል በ10 ሜትር ላይ ሁለተኛ መስመር ሊያሳይ ይችላል። ጭቃ ግን ድምፁን ይውጠዋል፤ መስመሩ ደብዘዝ ይላል፣ ሁለተኛውም አይታይም። የኩልፎ ወንዝ ደለሉን ይዞ ወደ ጫሞ በሚገባበት አካባቢና በድንጋያማው ዳር መካከል ያለውን ልዩነት አንዴ በዝግታ ሄዶ ማየት ከማንኛውም መመሪያ መጽሐፍ የበለጠ ያስተምራል።

ከእግዜር ድልድይ ማዶ ያለው የአባያ ሐይቅ ውሃ ቀይ ቡናማ በመሆኑ፣ መሣሪያው እዚያ አይሠራም የሚል ሥጋት ሊኖር ይችላል። ድፍርሱ የሚከለክለው ብርሃንን ነው። የ200 ኪሎኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 7.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ውሃውን ያቀላው የደለል ቅንጣት ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ድምፁ አልፎት ይሄዳል። እንዲያውም ዓይን ምንም በማያይበት ውሃ ላይ የመሣሪያው ጥቅም ይጨምራል።

ስክሪኑ ትልቅ መሆኑ ደስ ይላል፤ ዋናው ጉዳይ ግን በአርባ ምንጭ ቀትር ፀሐይ የሚነበብ መሆኑ ነው። ትርፍ ገንዘብ ካለ ሁለት ነገር ላይ ቢውል ይሻላል። አንደኛው ጂፒኤስ ኖሮት ጀልባው በሄደበት ሁሉ ጥልቀቱን እየመዘገበ የራሱን ካርታ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ሁለተኛው ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚያይ የጎን ድምፅ ነው። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ ወደ ታች የሚሄደው ድምፅ ጠባብ መሆኑን አይተናል፤ የጎኑ ድምፅ ይህን ጉድለት ይሞላል፣ የጠለቀ ዛፍንም ከነቅርንጫፉ ያሳያል። የሚጠይቀው በዝግታና በቀጥታ መስመር መሄድን ነው። በተጨማሪም ሲገዙ ትራንስዱሰሩ ከስክሪኑ ጋር አብሮ የመጣ መሆኑን፣ ገመዱም ከጀልባው ጀርባ እስከ ነጂው መቀመጫ የሚደርስ መሆኑን ያረጋግጡ። ለየብቻ የሚሸጡ አሉ፤ ከውጭ በዘመድ የተላከ ዕቃ ደግሞ ጎደሎ ሆኖ ከተገኘ ማሟላቱ ወራት ይወስዳል።

ገጠማው ላይ ረጋ ብለን እንሂድ። የትራንስዱሰር ጠላት አረፋ ነው፤ ድምፁ አየር ላይ ይነጥራልና ከፊቱ አረፋ ካለ ወለሉን ጭምር ያጣል። ስለዚህ በጀልባው ጀርባ ግድግዳ ላይ ውሃው ጸጥ ብሎ የሚፈስበትን ቦታ መፈለግ ይገባል። ከጀልባው ሆድ ሥር የወጣ ዘንግ፣ የሪቬት መደዳ ወይም የውሃ መውጫ ቀዳዳ ካለ ከእሱ ኋላ አይገጠምም። ከፕሮፔለሩም ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። የሞተሩ ፕሮፔለር ከኋላ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ከሆነ በቀኝ በኩል ይገጠማል፤ በዚያ ወገን ምላጩ ወደ ታች ስለሚወርድ የሚያስነሳው ብጥብጥ ያንሳል።

የቁመቱ ጉዳይ በሚሊ ሜትር የሚለካ ነው። በፋይበርግላስ ጀልባ ላይ የትራንስዱሰሩ ታችኛ ገጽ ከጀልባው ሆድ 3 ሚሊ ሜትር፣ በአሉሚኒየም ጀልባ ላይ ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ እንዲል ይመከራል። ከፍ ካለ አረፋ ይውጠዋል፤ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ውሃ ይረጫል፣ በእንጨት ወይም በድንጋይ ይመታል። ይህ በአንድ ሙከራ ስለማይስተካከል የጀልባውን ግድግዳ ደጋግሞ ከመብሳት በፊት አንድ ወፍራም የፕላስቲክ ሳንቃ መለጠፍና ትራንስዱሰሩን ሳንቃው ላይ ማሰር ብልህነት ነው። የተበሳ ቀዳዳ ሁሉ ለጀልባ በተዘጋጀ ማሸጊያ ይሞላ፤ ብሎኑም ዝገት የማይነካው ይሁን። ጀልባው ወፍራም ፋይበርግላስ ብቻ ከሆነ ትራንስዱሰሩን ከውስጥ ወለሉ ላይ በኢፖክሲ መለጠፍም ይቻላል፤ ድምፁ በግድግዳው ያልፋል። መካከሉ ላይ እንጨት ወይም ፎም ካለው ግን አይሆንም። በእንጨት ጀልባ ላይ፣ እንዲሁም በኪራይ ጀልባ ላይ፣ ቀላሉ መንገድ ትራንስዱሰሩን ከብረት ቱቦ ጫፍ አስሮ በጎን በኩል በማጥበቂያ መያዝ ነው። ፈጥኖ መሄድ አይፈቅድም እንጂ ለዝግታ ጉዞ በደንብ ያገለግላል።

ገመዱን አይቁረጡ፤ የተረፈው ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ከሞተሩ ሽቦዎች ጋር አብሮ ከተሳበ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ይዘንባል። ኤሌክትሪኩ ከ12 ቮልት ባትሪ በቀጥታ፣ አምራቹ የጻፈው ፊውዝ ገብቶለት ይወሰድ። ሞተር ከሚያስነሳው ባትሪ መለየቱ ይሻላል፤ ሞተሩ ሲነሳ ቮልቱ ስለሚወርድ መሣሪያው ሊጠፋ ይችላል። ግማሽ አምፔር የሚወስድ ትንሽ መሣሪያ ከ7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ላይ፣ ባትሪው ከግማሽ በታች ሳይወርድ፣ ሰባት ሰዓት ይሠራል።

የመጀመሪያው ማስተካከያ የውሃው ዓይነት ነው፤ ጨው አልባ ይሁን። ባሕር ላይ ከቀረ በ10 ሜትር ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ያሳስታል፤ ይህ ለዓሣው ምንም አይደለም። የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው፦ ትራንስዱሰሩ ከፕሮፔለሩ ጫፍ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ለክቶ ማስገባት። ያን ጊዜ ስክሪኑ የሚጽፈው ከፕሮፔለሩ በታች የቀረውን ውሃ ይሆናል። ከዚያም የጥልቀት ማስጠንቀቂያውን 1.5 ሜትር ላይ ያድርጉ። ቀጥሎ ፍጥነቱን ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ የወለሉ መስመር የሚቆራረጥበትን ይመልከቱ፤ ከተቆራረጠ ጀልባው ቆሞ ትራንስዱሰሩን ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ማድረግ ነው።

አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ይህ መሣሪያ የሚያየው ከጀልባው በታች ነው፤ ከፊት አያይም። የጫሞ ጉማሬዎች ቀን የሚውሉት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ነው፤ አዞ ገበያ በሚባለው ስፍራ ያሉት አዞዎችም ዳሩን አይለቁም። በጉማሬ ሳንባ ውስጥ ብዙ አየር ስላለ ድምፁ ሲያገኘው ደማቅ ምልክት ይሰጣል፤ ነገር ግን ያ ምልክት ሲታይ ጀልባው ቀድሞውኑ ከላዩ ላይ ነው። ስለዚህ ጥልቀቱ ከ2 ሜትር ሲያንስ ዓይን ከስክሪኑ ተነሥቶ ወደ ውሃው ይመለስ፤ አካባቢውን የሚያውቅ የጀልባ ነጂ ቃልም ከመሣሪያው ይቅደም።

ሌላው ጉዳይ የዓሣው ነው። የጫሞ ነጭ ዓሣ ዓይኑ በጠበበ መረብና ከአቅሙ በላይ በማስገር ክፉኛ ቀንሷል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ይህን የመሰለውን ጉዳት ለመግታት ነው፤ ከሐይቁም የተወሰነው ክፍል በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ይገኛል። መሣሪያው ከመገጠሙ በፊት የዓሣ ማጥመድ ፈቃዱም የፓርኩም ፈቃድ ተጠይቆ ይለቅ። ለመዝናናት የሚያጠምድ ሰው ትልልቆቹን እንስቶች መልሶ ቢለቅ ለሐይቁ ትልቅ ውለታ ይውላል፤ ብዙውን ዕንቁላል የሚጥሉት እነሱ ናቸውና።

በጂፒኤስ የተሠራውን ካርታ ሲያስቀምጡ ቀኑን አብረው ይጻፉበት። የጋሞ ቆላ ዋና ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሲጥል የውሃው ከፍታ ይለወጣል፤ ወንዞቹም አፋቸው ላይ አዲስ ደለል ያነጥፋሉ። ባለፈው ዓመት 3 ሜትር የነበረው ቦታ ዘንድሮ 2 ሜትር ሊሆን ስለሚችል፣ ከዝናቡ በኋላ በሚደረገው የመጀመሪያ ጉዞ ነፋሱ ሳይነሳ በማለዳ ወጥቶ የወንዞቹን አፍ በዝግታ እንደ አዲስ መለካት ያስፈልጋል።