ኪሱ የሳሳው ጓደኛችን ሳይሳቀቅ፦ የበጋ የመኪና ጉዞ አደብ



ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሲያትል ውስጥ የሚያድግ ወጣት ብዙ ጊዜ አንድ ሐሳብ ይመጣበታል፦ ከጓደኞች ጋር መኪና ይዞ ወደ ተራራ መውጣት። የኖርዌይንና የስዊድንን ተራሮች በስልክ እያየን እንመኛለን፤ አምሳያቸው ግን ከደጃችን ነው። በ1968 የተቋቋመው የኖርዝ ካስኬድስ ብሔራዊ ፓርክ ከ300 በላይ የበረዶ ግግሮች አሉት፤ መግቢያም አያስከፍልም። በሀይዌይ 20 ላይ ያለችው ኒውሄለም የምትባል መንደር ከሲያትል ወደ 120 ማይል ትርቃለች። ባለፈው በጋ አራት ወንድ ጓደኛሞች ሆነን በዚያ መንገድ ሦስት ቀን ተጉዘናል። ከጉዞው የተማርነውን ከዲናችን አደብ ጋር አያይዤ ላካፍላችሁ።

1. ስሌቱ ከማን ይጀምር?

ከአራታችን አንዱ ማታ ማታ እየሠራ ወላጆቹን በቤት ኪራይ ያግዛል። ጉዞው መጀመሪያ ሲነሳ የተጠራው ቁጥር በነፍስ ወከፍ 200 ዶላር ነበር፦ የእንጨት ቤት ተከራይቶ፣ ምግብ ቤት እየበሉ። እሱ ያን ሳምንት ሥራ እንዳለበት ተናገረና ዝም አለ። ሥራ እንዳልነበረበት ኋላ ራሱ ነግሮናል፤ ይህንንም የምጽፈው ፈቅዶልኝ ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ያጣ ጓደኛ «የለኝም» አይልም፤ «አይመቸኝም» ይላል።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አሽዐሪዮች የተባሉትን የየመን ሰዎች አወድሰዋል። ስንቃቸው ሲመናመን ወይም የቤተሰባቸው ምግብ ሲያንስ፣ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው እኩል ይከፋፈሉ ነበር። ልብ በሉ! እኩል የሆነው የወሰዱት ነው፤ ያመጡት እኩል ይሁን አልተባለም።

እኛም ስሌቱን ገለበጥነው። «ጉዞው ስንት ይፈጃል?» ማለትን ትተን «ሁላችንም ሳንቸገር ስንት ማውጣት እንችላለን?» አልን። እያንዳንዳችን የምንችለውን ለአንድ ሰው በስልክ መልእክት ላክን። ትንሹ ቁጥር 60 ዶላር ነበር፤ መዋጮውም 60 ሆነ። የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ከተሰበሰበው 240 ዶላር 50 ለቤንዚን፣ 50 ለሁለት ሌሊት የድንኳን ቦታ፣ 90 ለምግብ፣ 20 ለምድጃ ጋዝና ለበረዶ መደብን። 30 ዶላር ለድንገተኛ ነገር ተቀመጠ። ድንኳኑን ከጎረቤት ተዋስን።

2. ስንቅ

ተራራ የሚወጡ ሰዎች በውድ የሚገዙትን ደረቅ ምግብ እናቶቻችን ከጥንት ያውቁታል። ድርቆሽ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ ትንሽ ሙቅ ውሃ፣ ዘይትና በርበሬ ካገኘ ፍርፍር ይሆናል። በሶ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ በኪስ ይያዛል። ሽሮ በአንዲት ትንሽ ምድጃ ይበስላል። ሁሉም ቀላል ነው፤ ሥጋ ስለሌለበትም በየመንገዱ ሐላል ፍለጋ አያስቸግርም። ስንቁን ስናዘጋጅ እናቴ አጠገቤ ቆማ የልጅነት መንገዷን አጫወተችኝ። ያን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር።

3. አሚር እና ሹራ

አቡ ዳዉድ እንደዘገቡት፣ ሦስት ሰዎች ለጉዞ ሲወጡ ከመካከላቸው አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል። መኪናው የእኔ ስለነበረ አሚር የሆነው ሌላ ሰው ነው፤ መሪውም ውሳኔውም በአንድ ሰው እጅ ከሆነ ሌሎቹ ሻንጣ ይሆናሉ። አሚሩ መዋጮውን ይይዛል፤ ሹራ አድርጎ ይወስናል፤ የሶላት ሰዓት ሲደርስ መኪናውን ያስቆማል።

«ሰፈር» በአማርኛ የምንኖርበት አካባቢ ነው፤ በዐረብኛ ግን ጉዞ ማለት ነው። ሊቃውንት ቃሉን ከመግለጥ ጋር ያያይዙታል፤ ጉዞ የሰውን ባሕርይ ይገልጣልና። ድካምና ረሃብ ሲመጣ ማን ለማን ውሃ እንደሚቀዳ በሁለተኛው ቀን ይታወቃል።

4. ሶላት

መንገደኛ ዙህርን፣ ዐስርንና ዒሻን ከአራት ረከዓ ወደ ሁለት ያሳጥራል፤ መግሪብና ፈጅር ባሉበት ይቆያሉ። በርቀቱ መጠንና ሶላትን በማጣመር ላይ መዝሀቦች ስለሚለያዩ ከመውጣታችሁ በፊት ኢማማችሁን ጠይቁ። በሰኔ መጨረሻ አካባቢ እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው በአሜሪካ አቆጣጠር ከምሽቱ 9 ሰዓት አልፎ ስለሆነ ዒሻ በጣም ይመሻል፤ የእንቅልፉንና የማለዳውን የእግር መንገድ በዚያ ልክ አስቡት።

ዲያብሎ ሐይቅ በግግሩ ከተፈጨ ድንጋይ የተነሳ አረንጓዴ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ ቅዝቃዜው ግን ጣት ያደነዝዛል። ውሃው ቀዘቀዘ ተብሎ ብቻ ተየሙም አይደረግም። ምድጃ ካለ ውሃ አሙቁ።

5. የመሬቱ ሐቅ

በኖርዌይ ከ1957 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሕግ ማንም ሰው ባልታረሰ መሬት ላይ በነፃ ድንኳን እንዲተክል ይፈቅዳል፤ ሰው ከሚኖርበት ቤት ግን ቢያንስ 150 ሜትር መራቅ አለበት። የእኛ አካባቢ ደንብ ሌላ ነው፤ በፓርኩ ውስጥ ድንኳን የሚተከለው በተፈቀደ ቦታ ብቻ ነው። ምግብ በድብ ምክንያት መኪና ውስጥ ወይም በተዘጋጀ የብረት ሳጥን ይቆለፋል። መጸዳጃ ቤት በሌለበት ሰው ከውሃ 200 ጫማ፣ ማለትም ወደ 70 እርምጃ ይርቃል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በውሃ መቅጃ፣ በመንገድና ሰው በሚጠለልበት ጥላ መጸዳዳትን የከለከሉት ከብዙ ዘመን በፊት መሆኑን አስተውሉ። እሳት ሳይጠፋ መተኛትንም ከልክለዋል። በ2023 በዲያብሎ አካባቢ የመብረቅ እሳት ተነስቶ ሀይዌይ 20ን አዘግቷል። ስለዚህ የእሳት ክልከላ መኖሩን ሳታጣሩ ክብሪት አትጫሩ።

6. የወላጆች ሐቅ

አባቴ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ጫካ ገብታችሁ ምን ልታደርጉ?» ብሎ ነው። ለእነሱ ትውልድ ጫካ የመዝናኛ ስም አልነበረም፤ ከመካከላቸው በእግር ድንበር ያቋረጡም አሉ። በሀይዌይ 20 ብዙ ቦታ ስልክ አይሠራም። ስለዚህ የምናድርበትን ቦታ፣ የመኪናውን ሰሌዳና የምንመለስበትን ሰዓት በወረቀት ጽፈን በየቤታችን ተውን። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው ላይ ሲለጠፍ የአባቴ ፊት ፈታ አለ። ፈቃድ መጠየቅ ማለት ጭንቀታቸውን ማቃለልም ጭምር ነው።

ለማጠቃለል፣ ርካሽ ጉዞ ማለት ጥቂት ዶላር የወጣበት ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ኪሱ የሳሳው ሰው ሰበብ ሳይፈልግ፣ ሳይሳቀቅ የሚመጣበት ጉዞ ነው። በሚቀጥለው ሐለቃ እነዚህን ተወያዩባቸው፦ በጓደኞቻችሁ መካከል «አይመቸኝም» የሚለው ማነው? ያን ቃል የሚያስብለው ቁጥር ስንት ነው? ማንስ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል?

አላህ መንገዳችሁን ያግራላችሁ፣ በሰላም ወደ ቤተሰቦቻችሁ ይመልሳችሁ። ወላሁ አዕለም።