ሊንኩን ገና አትላኪው

ቆይ፣ ቆይ እስቲ። «ከነገ ጀምሮ ሁላችንም ቴሌግራም ላይ ነን» ያልሽውን አጥፊው። የሰፈሩ ልጅ በአንድ ማስታወቂያ ነቅሎ የሚሄድልሽ መሰለሽ? አውራ ጣቱን ልኮልሽ እዚያው የዋትሳፕ ግሩፓችን ላይ «እንደምን አደራችሁ» ማለቱን ይቀጥላል።

ምክንያትሽስ ልክ ነው። የዋትሳፕ ግሩፕ 1,024 ሰው ላይ ያቆማል፤ የቴሌግራም 200,000 ይይዛል። ሰው ግን ጨዋታ ወዳለበት እንጂ ቦታ ወደ ሰፋበት አይሄድም። መጀመሪያ ያንን ቀልደኛ፣ የድሮ ፎቶ የምትለጥፈዋን፣ ለለቅሶ ብር የምትሰበስበዋን ለብቻቸው ጥሪያቸው። እነሱ እዚያ ሲሳሳቁ ሰንብተው ነው በሩ የሚከፈተው። ገብቶ «እገሌ ተቀላቅሏል» ብቻ የሚያነብ ሰው ተመልሶ አያይሽም።

የድሮውን ወሬ ማዛወር ይቻላል፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቴሌግራም የዋትሳፕን ቻት ከነቀኑ ይቀበላል። ግን ሳትጠይቂ እንዳታደርጊው! እዚያ ውስጥ ማን ስንት እንዳዋጣ አለ፣ የእነዚያ የሁለቱ ጠብ አለ፣ ግሩፑን ጥለው የወጡ ሰዎች ቃል አለ። ደግሞ የዋትሳፕ ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ነው፤ የቴሌግራም ግሩፕ እንደዚያ አይደለም። ይህንን ንገሪያቸው። ስልክ ቁጥራቸውንም መደበቅ አሳዪያቸው፤ በተለይ ዓረብ አገር ላሉት ልጆች። ቴሌግራም ላይ የሚሻለው ይኼ ነው፣ እኔን ከጠየቅሽኝ።

ለእናቶች ሊንክ አይላክም፣ ይደወላል። ሲመዘገቡ ኮድ ይመጣላቸዋል፤ «ይህንን ቁጥር ለማንም እንዳትሰጡ፣ ለእኔም ቢሆን» በያቸው። አንዷ ከሰጠች በእሷ ስም ብር የሚለምን አይጠፋም።

አሮጌውን ግሩፕ ለመዝጋትም አትቸኩዪ። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ላይ ቴሌግራምና ፌስቡክ አገር ቤት ሲታገዱ እገዳው ወራት ፈጅቷል፤ ዋትሳፕ ግን ይሠራ ነበር። አድሚን ብቻ የሚጽፍበት አድርጊውና ሊንኩን መግለጫው ላይ ለጥፊ። መርዶ ሲኖር ሁለቱም ጋ ይነገር፤ ቀልድና ፎቶ ግን አዲሱ ጋ ብቻ።

እማዬን እኔ አስገባታለሁ። ስቲከር ለምዳ እንቅልፍ ከነሳችን ግን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።